ከምረቃው ማግስት፦ የከተማ ፏፏቴ ፓርክ እንዴት ይነደፋል? እንዴትስ ይጠበቃል?

በባሕር ዳር ለመሐንዲሶች፣ ለግንበኞች፣ ለአትክልተኞችና ለከተማ ሥራ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተወሰደ

ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ ግንበኛ አለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ አትክልተኛ አለ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰው አለ፣ ተማሪ አለ። ደስ ያለኝም በዚህ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ሥራ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ አይቆምም።

በጥያቄ ልጀምር። ጢስ ዓባይን በመስከረም ያያችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ። በሚያዝያ ያያችሁስ? እሺ፣ አመሰግናለሁ። በመስከረም የሄደ ሰው ወደ 400 ሜትር ስፋት ያለው ውሃ ከ40 ሜትር በላይ ከሚሆን አፋፍ ሲወርድ አይቷል። ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ ልብስ ያረጥባል፣ ድምፁ ከጎን ካለ ሰው ጋር አያስወራም። በሚያዝያ የሄደው ግን ጥቁር ዓለትና ቀጫጭን ጅረት ብቻ አይቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ዓለቱ ያው ነው፣ አፋፉም ያው ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ወቅቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ግን በር ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠርቷል፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ውሃውን ወደ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች የሚወስድ ቦይ አለ፤ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመረ። ውሃው ወደ ተርባይን ሲሄድ አፋፉ ይደርቃል። ይህን የምለው መብራቱን ለመውቀስ አይደለም፤ መብራቱ ያስፈልገናል። የምለው ይህን ነው፦ ፏፏቴ ማለት ውሃው ነው። ዓለቱ ብቻውን ፏፏቴ አይባልም።

በከተማ ውስጥ የሚሠራ የፏፏቴ ፓርክም እንደዚሁ ነው። ውሃው የቆመ ቀን ፓርኩ ቆመ። ስለዚህ ለዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ አሳብ ነው፦ ስንነድፍ ከምረቃው ቀን አንነሣ፣ ከምረቃው ማግስት እንነሣ። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ፓምፑን የሚያስነሣው ማን ነው? በምን ቁልፍ? በየትኛው በጀት? ከዚያ እንነሣ።

አሁን በየከተማው የኮሪደር ልማት አለ። የሐይቅ ዳርቻ ይታጠራል፣ ይነጠፋል፣ ፏፏቴም ይተከላል። ጊዜው የእኛ ነው፤ ስለዚህ ከእኛ በፊት የሠሩት ሰዎች ምን እንዳገኙና ምን እንዳጡ ማወቅ ይገባናል።

በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ የምትባል ከተማ አለች። ሎረንስ ሃልፕሪን የተባለ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ ከቢሮው ሰዎች ጋር በእግር መንገድ የተያያዙ ተከታታይ አደባባዮች ሠራላት። ላቭጆይ ፏፏቴ በ1966 ተከፈተ፤ በአጠገቡ ፔቲግሮቭ የሚባል፣ አረንጓዴ ጉብታዎችና ዛፎች ያሉት ጸጥ ያለ መናፈሻ አለ፤ በመጨረሻ በ1970 ዛሬ አይራ ኬለር ፏፏቴ የሚባለው ትልቁ ሥራ ተመረቀ። የዚህን ትልቁን ንድፍ የመራችው ቡልጋሪያ ውስጥ የተወለደችው አንጄላ ዳናጂዬቫ ናት። ሃልፕሪን ከዚያ በፊት በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ተራሮች እየዞረ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚሄድ በደብተሩ ይስል ነበር። የት ይቀጥናል? የት ነጭ ይሆናል? የት ያርፋል? ይህን ነው የሳለው። ከዚያ ያንን ድንጋይ አስመስሎ አልቀረጸም። ውሃው የሚያደርገውን ወስዶ በጣውላ ቅርጽ በፈሰሰ፣ ቀጥ ቀጥ ባለ የኮንክሪት ደረጃና ግድግዳ አስደገመው። ሞደርኒስት የሚባለው ንድፍ ይህ ነው። አንበሳ የለም፣ ሐውልት የለም፣ ወደ ላይ የሚተፋ ቀጭን ቧንቧ የለም። ኮንክሪት፣ ውሃና ሰው ብቻ። ሰው ይቀመጥበታል፣ ይወጣበታል፣ እግሩን ይነክርበታል።

የኬለር ፏፏቴ በደቂቃ 13,000 ጋሎን ያወርዳል ይባላል። በእኛ መለኪያ ወደ 49,000 ሊትር ነው፣ በሴኮንድ ከ800 ሊትር በላይ። 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል አስቡት፤ በየሴኮንዱ አራት በርሜል! ይህ ሁሉ ውሃ ደግሞ ያው አንዱ ውሃ ነው፤ ታች ይሰበሰባል፣ ተመልሶ ይወጣል።

እኛ ለዚህ ካሊፎርኒያ መሄድ ያስፈልገናል? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ጢስ ዓባይ አለልን። ተማሪዎች፣ አደራ፣ ሄዳችሁ ከፎቶ በፊት በእርሳስ ሳሉት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አራት ነገር አነሣለሁ፦ ጠርዙን፣ የማሽን ክፍሉን፣ ኮንክሪቱን፣ ከዚያም ወደ ውሃው የሚገባውን ልጅ።

መጀመሪያ ጠርዙ። ውሃ ከላይኛው ገንዳ ሞልቶ የሚወርድበት አፋፍ ማለቴ ነው። የፓርኩ መልክ እዚህ ላይ ይሠራል፣ እዚህ ላይም ይበላሻል። ውሃው በጠርዙ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለፈ በአንድ ሜትር ርዝመት በሴኮንድ 2 ሊትር የማይሞላ ይወርዳል። 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ5 ሊትር በላይ። 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 ሊትር ገደማ። ልብ በሉ፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ውሃው እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህ ለግንበኛው ምን ማለት ነው? ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ እንዲያልፍ በታሰበ ጠርዝ ላይ አንዱ ጥግ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ያ ጥግ እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ውሃ ይወስዳል። ሌላው ጥግ ውሃ ያንሰዋል። 5 ሚሊ ሜትር! በግድግዳ ሥራ ማንም የማይከራከርባት ናት። እዚህ ግን ከሩቅ የሚታይ ጉድለት ናት። ስለዚህ ኮንክሪቱን ብቻ አምናችሁ አትተዉት። ከላዩ ላይ በብሎን የሚስተካከል የማይዝግ ብረት ጠርዝ አድርጉበት፣ ወይም የመጨረሻውን 3 ሳንቲ ሜትር በኋላ በጥንቃቄ ሙሉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ። መለኪያው ደግሞ ራሱ ውሃው ነው። ገንዳውን እስከ ጠርዙ ሞልታችሁ ፓምፑን አጥፉ፤ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚረጥብ እዩ። ከዚህ የሚበልጥ ውሃ ልክ የለም።

ሁለተኛው የጠርዝ ችግር። ጀበናን ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉ ቡናው ወደ ሲኒው ከመውረድ ይልቅ በጀበናው አፍ ሥር እየላሰ አንገቱን ተከትሎ አይወርድም? ውሃም እንዲሁ ነው። ሲቀጥን ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል፤ መጋረጃ መሆኑ ይቀራል፣ ግድግዳው ላይ የኖራ ነጭ መስመር ይሠራል፣ ዋቅላሚ ያበቅላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠርዙ ከግድግዳው ወደ ፊት ይውጣ፣ ከሥሩ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ጎድጓዳ መስመር ትሰንጠቅለት። ውሃው እዚያች ጉድጓድ ሲደርስ ይለቃል። ይህችን መስመር በኋላ የሚመጣ ልሳኝ «ስንጥቅ መስላኝ» ብሎ በሲሚንቶ እንዳይደፍናት በስዕሉ ላይ ስሟ ተጽፎ ይቀመጥ።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ላይ የሚረጭ ፏፏቴ ለሐይቅ ዳር አይመከርም ብዬ አምናለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይመጣል። 5 ሜትር የሚወጣ ውሃ በዙሪያው ቢያንስ 5 ሜትር ገንዳ ይፈልጋል፤ ከሌለው ውሃው መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። አፍንጫዎቹም በቅጠልና በአሸዋ ይደፈናሉ። የሚወርድ ውሃ ነፋስን ይችላል፤ የሚወጣ ውሃ አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ የማሽን ክፍሉ ነው፤ ማንም ፎቶ የማያነሣው ክፍል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ጠርዝ፣ በላዩ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ። በሴኮንድ ወደ 105 ሊትር ያስፈልጋል። ከታችኛው ገንዳ ወደ ላይ የቧንቧው ግጭት ተጨምሮበት 6 ሜትር ማንሣት አለብን እንበል። የፓምፑን ብክነት ስንጨምር ወደ 9 ኪሎዋት ተኩል ይወስዳል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 76 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር አስሉት። ይህ ቁጥር ከምረቃው በፊት በበጀት መዝገብ ላይ ካልተጻፈ ምን ይሆናል? በሦስተኛው ወር ሒሳቡ ይመጣል፣ «ለጊዜው ይጥፋ» ይባላል፣ ያ ጊዜ ዓመት ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ፓምፕ አትግዙ፤ ትልቅና ትንሽ አድርጉ። በ1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ያው ጠርዝ የሚፈልገው 37 ሊትር ነው፣ ሲሶ ያህሉን። በሥራ ቀን ትንሹ ይሥራ፣ በበዓልና በእሑድ ትልቁ ይጨመር። አንዱ ሲበላሽ ሌላው አለ፤ ፓርኩ አይሞትም። ትንሹ ፓምፕ የሚሰጠው ውሃ ግን ጠርዙን ሙሉ ለመሸፈን መብቃቱን በንድፉ ጊዜ ሞክሩ።

ከፍታችንንም አትርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ሊያነሣ ይችላል፤ እዚህ ግን እስከ 8.3 ሜትር ነው። ካታሎጉን እያነበበ ፓምፑን ከውሃው በላይ 5 እና 6 ሜትር ላይ የሰቀለ ሰው ምን ይሰማል? ፓምፑ ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስል ይንኮሻኮሻል። ያ ድምፅ ውሃው በግፊት ማነስ እየፈላ፣ አረፋው እየፈነዳ የፓምፑን ምላስ፣ ማለትም ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃ የሚገፋውን ክፍል፣ ሲበላው ነው። በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል። ፓምፑን ከውሃው ወለል በታች አስቀምጡት፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይሙላው። ሞተሩንም ስትመርጡ አስተውሉ፤ የተለመደው የኤሌክትሪክ ሞተር አቅሙ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፣ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ጄኔሬተርም እንዲሁ። ልክክ ያለ አትግዙ፣ ትርፍ ይኑረው።

መብራት ይጠፋል? ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ላይ ያለው ውሃ የት ይሄዳል? ታች። የላይኛው ገንዳ 200 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከጠርዙ በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢኖር፣ 6 ሜትር ኩብ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ታችኛው ገንዳ ይመጣል። ለዚህ ባዶ ቦታ ካልተተወለት ገንዳው ይሞላል፣ መንገዱ ይጥለቀለቃል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ የፈሰሰው ስለሌለ ፓምፑ አየር ይስባል። ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው በር፣ ከሌለማ ጉዱ ይብሳል፤ የላይኛው ገንዳ በቧንቧው ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር በስዕሉ ላይ ፈልጉ፦ የማይመልሰው ቫልቭ የት አለ? ለሚመለሰው ውሃ የተተወው ከፍታ ስንት ነው? መልስ ከሌለ ስዕሉን አትፈርሙ። አደራ፣ አትፈርሙ።

ሦስተኛው ኮንክሪቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የጣውላ መልክ ያለው ግልጥ ኮንክሪት ልስን የለውም፣ ቀለም የለውም። የተሠራው ስሕተት ሁሉ ለዘላለም ይታያል። ጣውላው ከአንድ ዓይነት እንጨት ይሁን፣ አዲስ ከሆነ በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀድሞ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ከእንጨቱ የሚወጣው ስኳር የኮንክሪቱን ፊት ዱቄት ያደርገዋል። ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት 0.45 እጅ አይለፍ። ሳይት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኮንክሪቱ ሲከብድ አንድ ሰው ባልዲ ውሃ ይጨምራል። ያቺ ባልዲ ከአሥር ዓመት በኋላ ዝገት ሆና ትወጣለች። ፌሮው ላይ ያለው ሽፋን 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቫይብሬተሩ በየ40 እና 50 ሳንቲ ሜትሩ ይግባ። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን አጠጡት።

ፖርትላንድ ውስጥ የኮንክሪት ጠላት ውርጭ ነው። እኛ ጋ ውርጭ የለም፤ ዋልካ አለ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ገንዳው ትንሽ ካፈሰሰ ደግሞ ከሥሩ ያለው ዋልካ በበጋም ያብጣል፣ በአንድ በኩል ብቻ ያነሣዋል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ የበለጠ ያፈስሳል። እየዞረ ራሱን የሚመግብ ጥፋት ነው። ዋልካው ተቆፍሮ ይውጣ፣ በተመረጠ አፈርና በጠጠር ይተካ፣ ከሥር የማጣሪያ ቧንቧ ይኑር፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ዋተርስቶፕ የሚባለው ውሃ የሚያግድ ማሰሪያ ይግባበት።

ሌላ የሐይቅ ዳር ጉዳይ። የጣና ውሃ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ። የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮት ይወጣል። አሁን ለመስቀል በዓል ገንዳውን እናጥባ ብለን በመስከረም ባዶ አደረግነው እንበል። የወለሉ ውፍረት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በካሬ ሜትር 720 ኪሎ ይመዝናል። ከሥሩ ያለው ውሃ ከወለሉ ታችኛ ፊት 72 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ወለሉን እንደ ታንኳ ያንሳፍፈዋል። ገንዳ ይንሳፈፋል ብሎ ማን ያስባል? ግን ይንሳፈፋል፤ ያኔ ቧንቧው ይሰበራል፣ ወለሉ ተመልሶ ልክ አይቀመጥም። ገንዳ የሚታጠበው በግንቦት ነው። በግንቦት!

ጥገናውስ? አንድ ቀላል ምርመራ ላሳያችሁ። ከግድግዳው ላይ በመሮ ትንሽ ቁራጭ አንሡ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ፌኖልፍታሊን በአልኮል የተሟሟበትን ፈሳሽ ርጩበት። ጤነኛው ኮንክሪት ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል። አየር የበላው ቀለሙን ሳይለውጥ ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። ግራጫው ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ለኩ። ፌሮው ጋ ከደረሰ ብረቱ ጠባቂውን አጥቷል፤ ዝገት ጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው። ዝገት ቦታ ይፈልጋል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋል፣ ይልጠዋል። እዚያ ላይ የተለመደው ስሕተት የተላጠውን በሊሾ መለሰንና ቀለም መቀባት ነው። ዝገቱ ከውስጥ ስላለ በሁለት ክረምት ይመለሳል፤ የጣውላው መልክ ደግሞ ለዘላለም ይጠፋል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ዳሩ በቀጥታ በመጋዝ ይቆረጥ፣ ከፌሮው ኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይፈልፈል፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይፋቅ፣ በመጠገኛ ሞርታር ይሞላ፣ ፊቱ ላይ ያው ዓይነት ጣውላ ይጫንበት። ሞርታሩ ደግሞ በአንድ ቀን አይመረጥም። አራትና አምስት ዓይነት ናሙና ሠርታችሁ እዚያው ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸው፣ ሲደርቁም ሲረጥቡም እዩዋቸው፣ ከዚያ ምረጡ። የሚዛመደው ቀለም የሚታወቀው ደርቆ ነው።

ስለ ዛፍ አጭር ነገር፦ ዋርካና ሾላ የምንኮራባቸው ዛፎች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ውሃ ያሸታል፣ ቧንቧ ይሰብራል። ከገንዳው አርቁአቸው። የዘንባባ ሥር የዋህ ነው።

አራተኛው፣ ልጁ። እባካችሁ አንድ ነገር እንቀበል፦ ልጅ ይገባል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከተከላችሁም ይገባል። ሞደርኒስት የፏፏቴ ፓርክ ደግሞ ራሱ ና ግባ የሚል ንድፍ ነው። ስለዚህ የሚነደፈው ልጅ እንደሚገባበት ታስቦ ነው።

በቴክሳስ ፎርት ዎርዝ ከተማ በ1974 የተሠራ ታዋቂ የውሃ መናፈሻ አለ፤ ፊሊፕ ጆንሰንና ጆን በርጂ የነደፉት። ሰው በደረጃው እየወረደ በዙሪያው የሚጮኽ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ድንቅ ሥራ ነው። የታችኛው ገንዳ ግን 2.7 ሜትር ጥልቀት ነበረው። በሰኔ 2004 አንድ አዋቂና ሦስት ልጆች እዚያ ሰጥመው ሞቱ። ከዚያ ገንዳው ተዘጋ፣ ጥልቀቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ተቀነሰ፣ በ2007 ተከፈተ። ልብ በሉ፣ መናፈሻው መልኩን አላጣም። ጥልቀቱ ለዓይን አያስፈልግም ነበር። ከላይ ሲታይ 60 ሳንቲ ሜትርና 2.7 ሜትር በሚናወጥ ነጭ ውሃ ሥር አይለዩም። ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን? ሰው ሊገባበት በሚችል ገንዳ ውስጥ ከጉልበት በላይ ውሃ አታስቀምጡ። ፓምፑ የሚስብበት አፍ አንድ ብቻ አይሁን፤ ሁለትና ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ፣ በሰፊ ወንፊት ተሸፍኖ፣ ልጅ እጁን ወይም ፀጉሩን ሊይዝ በማይችል ዝግታ ይሳብ። በውሃ ውስጥ ያለ መብራት 12 ቮልት ይሁን፤ መስመሩ ሁሉ 30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያይ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ይኑረው፤ ያ መሣሪያ በየወሩ ቁልፉ ተጭኖ ይሞከር።

ውሃውስ ከየት ይመጣል? ሐይቁ አጠገባችን ስለሆነ ከሐይቁ መሳብ ያጓጓል። ጣና ላይ ግን ብልሃርዝያ አለ። ቀንድ አውጣው በሳር ዳር ይኖራል፣ ተባዩ ከእሱ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። የሐይቅ ውሃ ካስገባችሁ ከወንፊትና ከአሸዋ ማጣሪያ በኋላ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዝግ ታንከር ውስጥ 2 ቀን ሙሉ ይቀመጥ፤ ከቀንድ አውጣው የወጣው ተባይ ከዚያ በላይ አይኖርም። ከዚያ ክሎሪን። በውሃው ውስጥ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ከ7.2 እስከ 7.8። 100 ሜትር ኩብ ውሃ ላይ 1 ሚሊ ግራም ለመጨመር ከ65 እስከ 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 150 ግራም ገደማ ይበቃል። በባልዲ ውሃ ቀድማችሁ በጥብጡት፣ ውሃ ላይ ዱቄቱን ጨምሩ እንጂ ዱቄት ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ማታ ጨምሩት። ቀን ከጨመራችሁት የባሕር ዳር ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ይበላዋል። ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣውን ውሃ ደግሞ በቀጥታ ወደ ጣና አትልቀቁ። ዓሣው አለ፣ ደንገሉ አለ፣ የሚጠጣ ሰው አለ። በክፍት ገንዳ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን አቆዩት፣ ክሎሪኑ መጥፋቱን ለክታችሁ አትክልት አጠጡበት።

አሁን ስለ መጠበቅ። ሃልፕሪን በዴንቨር ስካይላይን የሚባል ፓርክ ሠርቶ ነበር፣ በ1970ዎቹ። የአካባቢውን ቀይ ገደሎች መነሻ ያደረገ ሥራ ነው። እያደር ጥገና አጣ፣ ውሃው ቆመ፣ ሰው ሸሸው። ሰው ከሸሸው በኋላ «ማንም አይጠቀምበትም» ተባለ፤ በ2003 አብዛኛው ፈረሰ። ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ሰዉ፣ ከዚያ ክርክሩ፣ ከዚያ ዶዘሩ። ፖርትላንድ ውስጥ ግን ነዋሪዎች ተሰባሰቡ፣ ፏፏቴዎቹ በ2013 በአገሪቱ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ገቡ፣ ከዚያ በኋላ ኮንክሪቱ ተጠገነ። በመዝገብ ሲገቡ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ቅርስ የሚሆነው ሺህ ዓመት የሞላው ብቻ ነው ያለው ማነው? የእኛ ባሕር ዳር ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ከእነ ዘንባባቸው፣ በ1960ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን የተወጠኑ ናቸው። የሚጠበቅ ዘመናዊ ሥራ አለን።

እንዲጠበቅ ምን ያስፈልጋል? የመጨረሻው ስዕል፤ በወረቀት የታሰበው ሳይሆን በእርግጥ የተሠራው፣ ቧንቧው የት እንደተቀበረ የሚያሳየው። ሁለት ቅጂ፣ አንዱ በማሽን ክፍሉ ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ። የፓምፑ መለዋወጫ ከፓምፑ ጋር አብሮ ይገዛ፦ ማኅተሙ፣ ኩሽኔታው፣ አንድ ምላስ። በኋላ ለብቻው እናስመጣለን ከተባለ ውሃው ያን ያህል ጊዜ ቆሞ ይጠብቃል።

አሁን በእጃችሁ ያለ፣ ገንዘብ የማይፈልግ ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። ገንዳችሁ ያፈስሳል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ከመቆፈር በፊት ባልዲ አምጡ። ገንዳው ውስጥ ባለ ደረጃ ላይ አስቀምጡት፣ ከገንዳው ውሃ እስከ ገንዳው ከፍታ ድረስ ሙሉት። በባልዲው ውስጥና በውጭ የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ፓምፑን አጥፉ፣ የሚጨምረውን ቧንቧ ዝጉ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ። ባልዲው 5 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ ፀሐይና ነፋስ የወሰዱት ነው፤ በእኛ አገር በጋ የሚጠበቅ ነው። ገንዳው 12 ሚሊ ሜትር ከቀነሰ 7ቱ በስንጥቅ ሄዷል። 300 ካሬ ሜትር ላይ 7 ሚሊ ሜትር በቀን ከ2,000 ሊትር በላይ ነው፤ የሚሄደውም ወደ ዋልካው ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ሞክሩት፣ ልጆች ባልዲውን እንዳያነሡት አንድ ሰው ይቀመጥ፤ ቁጥሩንም ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በማሽን ክፍሉ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ከፊት ካሉት የቧንቧ ባለሙያዎች እንጀምር።